የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቬሎው ሳይቃጠል፣ ፊቱም ሳይጨልም

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ቪዲዮ ቀረጻ ናቸው። ነጩ ልብስ ጥልፉ እስከማይለይ ድረስ ሲቃጠል፣ ጥቁሩ ሱፍ ደግሞ ኮሌታው እስከማይታይ ድረስ ሲጨልም ምን ይደረግ የሚል ነው ጥያቄው። መልሶቻችን ውስጥ «ስቶፕ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ስለሚመጣ አስቀድመን እንግለጸው፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን በእጥፍ ማሳደግ፣ አንድ ስቶፕ መቀነስ ደግሞ በግማሽ ማሳነስ ነው። «ሎግ» የምንለው ደግሞ ሰፊ የብርሃን ክልል ለመያዝ ምስሉን አደብዝዞ የሚቀርጽ፣ ኋላ ኤዲቲንግ ላይ የሚስተካከል የቀረጻ ስልት ነው፤ ኤስ-ሎግ3 የሶኒው ነው።

ጥያቄ፦ ሠርግ የምቀርጸው በሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ መናፈሻ ውስጥ ስንገባ ችግር ይጀምራል። የሙሽሮቹን ፊት በደንብ ላሳይ ስል ቬሎው ይቃጠላል፤ ቬሎውን ላድን ስል ፊታቸው ይጨልማል። ኤስ-ሎግ3 ተጠቀም ተብዬ ሞከርኩ፤ ሰማዩ ላይ መስመር መስመር ወጣ፣ ፊታቸው ላይም ኖይዝ (የሚርመሰመስ ነጠብጣብ) መጣ። ምን ይሻለኛል?
*የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ፣ ከሀዋሳ*

መልስ፦ መጀመሪያ የገጠምዎትን የብርሃን ልዩነት በቁጥር እንየው። ነጭ ጨርቅ ካረፈበት ብርሃን ወደ 90 በመቶ የሚጠጋውን ይመልሳል። ጠይም ፊት፣ እንደየሰው መልክ ቢለያይም፣ 10 በመቶ ገደማ ይመልሳል። ጥቁር ሱፍ 3 በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ ሦስቱም አንድ ዓይነት ብርሃን ውስጥ ቢቆሙ በቬሎውና በፊቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ስቶፕ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በቬሎውና በሱፉ መካከል ያለውም 5 ስቶፕ አይሞላም። ይህን የእርስዎ ካሜራ ያለ ምንም ሎግ ይችለዋል።

ችግሩን የሚያመጣው የልብሱና የመልኩ ልዩነት ብቻ አይደለም። ዋናው ጥፋት ፊቱ ጥላ ውስጥ፣ ቬሎው ፀሐይ ላይ መሆኑ ነው። ጥላ ከቀጥታ ፀሐይ ብዙውን ጊዜ ወደ 3 ስቶፕ ይጨልማል። እኩለ ቀን ላይ በአገራችን ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን የዓይን ጉድጓድና የአገጭ ሥር ጥላ ሲሆን፣ ትከሻና የቬሎው ጫፍ ሙሉውን ፀሐይ ይቀበላሉ። 5 የነበረው ልዩነት 8 ሆነ ማለት ነው፤ በመደበኛው የምስል ቅንብር ይህ አይገባም።

ስለዚህ ሜኑ ከመንካትዎ በፊት ሙሽሮቹን ያንቀሳቅሱ። ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ያስገቧቸው፤ የዛፍ ጥላ ከሆነ በቅጠሎቹ መካከል የሚሾልክ የፀሐይ ነጠብጣብ የሌለበትን ቦታ ይምረጡ። ከጀርባቸው ያለውም ነገር ጥላ ውስጥ ያለ አጥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሁን እንጂ ፀሐይ ያረፈበት የሐይቅ ዳር አይሁን። ጥላ ካልተገኘ ጀርባቸውን ለፀሐይ ይስጡና ከፊት ለፊታቸው ከ1 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ነጭ ሪፍሌክተር ያስይዙ። ብርማው ገጽ በቅርብ ሲያዝ ዓይን ያስጨፍናል፤ ነጩ ይበቃል።

አሁን ወደ ካሜራው። የእርስዎ ካሜራ በውስጡ የሚቀርጸው 8 ቢት ነው። 8 ቢት ማለት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 እርከን ብቻ ማለት ነው። ኤስ-ሎግ3 ደግሞ እርከኖቹን ለሰፊ የብርሃን ክልል ስለሚያከፋፍል፣ ከመካከለኛው ግራጫ (ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን ከሚመልሰው) በላይ ለአንድ ስቶፕ የሚደርሰው 19 እርከን ገደማ ነው። ኤዲቲንግ ላይ ኮንትራስት ሲጨምሩ እነዚያ ጥቂት እርከኖች ይለጠጣሉ፤ ሰማዩ ላይ የወጣው መስመር ከዚህ የመጣ ነው። 10 ቢት በሚቀርጽ ካሜራ ያው አንድ ስቶፕ 76 ያህል እርከን ያገኛል። ለዚህ ነው ኤስ-ሎግ3ን ለ8 ቢት ካሜራ የማንመክረው።

በምትኩ ከፒክቸር ፕሮፋይሎቹ አንዱን ይክፈቱና ጋማውን (ካሜራው ብርሃንን ወደ ምስል ድምቀት የሚለውጥበትን ስሌት) ወደ ሲኔ4 ይቀይሩ። ሲኔ4 ደማቁን ክፍል በለስላሳው አጥፎ እስከ 109 በመቶ ድረስ ይይዛል (ከዚህ በኋላ በመቶ የምንለው የቪዲዮ ድምቀት መለኪያ ነው፤ 0 ጥቁር፣ 100 መደበኛው ነጭ)፤ ጥቁሩንም እንደ ሎግ ግራጫ አያደርገውም። ዜብራውን፣ ማለትም ከተመረጠው ድምቀት ያለፈውን ክፍል በመስመር የሚያሳየውን ምልክት፣ 100+ ላይ ያድርጉት። ቀረጻው በ25 ፍሬም፣ ሻተሩ 1/50 ይሁን። ከዚያ ምስሉን ቀስ በቀስ እያደመቁ ይሂዱ፤ የዜብራው መስመር በቬሎው እጥፋቶች ጫፍ ላይ ብቻ መታየት ሲጀምር ያቁሙ። ደረቱ ላይ ያለውን ጥልፍ ከሸፈነ አልፏል፤ ሲሦ ስቶፕ ወይም ሁለት ሲሦ ይመልሱ።

በውጭ አገር ትምህርቶች «ፊት 70 በመቶ ላይ ይሁን» የሚል መመሪያ ደጋግመው ሰምተው ይሆናል። ያ ቁጥር የተለመደው ለነጣ ቆዳ ነው። ጠይም ፊት በመደበኛ ምስል ላይ ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲያርፍ ነው ራሱን የሚመስለው። 70 ላይ ካወጡት ከፊቱ 3 ስቶፕ የሚበልጠው ቬሎ የት ይሄዳል? ብዙ የሠርግ ቪዲዮ የሚቃጠለው በዚህ አንድ ቁጥር ምክንያት ነው፤ እባክዎ ይርሱት።

የኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንሰው ጥቁር መስታወት፣ ነገርም አለ። በሙሉ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100፣ ሻተር 1/50 ሆኖ በኤፍ 4 ለመቅረጽ 5 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ያስፈልጋል። ኤስ-ሎግ በዚህ ካሜራ ከአይኤስኦ 800 ስለማይወርድ ግን ያው ትዕይንት 8 ስቶፕ ይፈልጋል። ኤንዲ ሳይኖር ሻተሩን ወደ 1/1000 ማፍጠን ብርሃኑን ይቀንሳል፤ እስክስታው ግን የተቆራረጠ ይመስላል።

በመጨረሻ የፋይሉን ዓይነት ይዩ፤ በፎርኬ 60 ሜጋቢት ላይ ከሆነ ወደ 100 ያሳድጉት። ፋይሉ ሲጨናነቅ ካሜራው ዝርዝሩን መጀመሪያ የሚጥለው ከጨለማው ክፍል ነው፤ የሱፉ ሽመና ወደ ካሬ ካሬ የሚለወጠው ለዚህ ነው። ለ100 ሜጋቢት ዩ3 የሚል ምልክት ያለበት ካርድ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ኤ7ኤስ ማርክ 3 አለኝ፤ በ10 ቢት ኤስ-ሎግ3 እቀርጻለሁ። «ሁልጊዜ 2 ስቶፕ አስበልጠህ ቅረጽ» የሚል ምክር ሰምቼ እከተላለሁ። አንዳንዴ በጣም ንጹሕ ምስል ይወጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ደመናው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ምክሩ ልክ ነው ወይስ አይደለም?
*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ «ሁልጊዜ» የሚለው ነው ስህተቱ። ኤስ-ሎግ3 መካከለኛውን ግራጫ 41 በመቶ፣ ነጩን 61 በመቶ ላይ ያስቀምጣል፤ የሚቃጠለው ደግሞ 94 በመቶ አካባቢ ነው። ከግራጫው እስከ መቃጠያው 6 ስቶፕ አለ ማለት ነው። 2 ስቶፕ ሲያስበልጡ ግራጫው ወደ 58 በመቶ ይወጣል፤ ከጨለማው ክፍል ኖይዙ ይቀንሳል፤ ከላይ የሚቀርዎት ግን 4 ስቶፕ ብቻ ነው።

በዚህ መሠረት ሁለት ትዕይንት እናስላ። ቤት ውስጥ፣ መስኮት የማይታይበት ቃለ መጠይቅ ነው እንበል። በጣም ደማቁ ነገር ነጭ ሸሚዝ ነው፤ ነጭ ከግራጫው 2.3 ስቶፕ ብቻ ይበልጣል። 2 ስቶፕ ቢያስበልጡ 4.3 ላይ ያርፋል፤ ከ6 በታች ነው። እዚህ ምክሩ ጥሩ ነው፤ ይከተሉት።

ሁለተኛው፣ ጥላ ውስጥ የቆመ ሰው ነው፤ ከጀርባው ፀሐይ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሱ ምዕመናን አሉ። መለኪያዎ ጥላው ውስጥ ያለው ግራጫ ነው። ነጠላው ከእሱ 2.3፣ ፀሐይ ላይ በመሆኑ ደግሞ ሌላ 3፣ በድምሩ 5.3 ስቶፕ ይበልጣል። ምንም ሳያስበልጡ ሁለት ሲሦ ስቶፕ ብቻ ይተርፍዎታል። 2 ስቶፕ ካከሉ ነጠላው ከመቃጠያው በ1.3 ስቶፕ አልፎ ሄዷል፤ ጥለቱን በየትኛውም ሶፍትዌር አይመልሱትም።

ስለዚህ የማስበለጫውን መጠን ትዕይንቱ ይወስን። ዜብራው ውስጥ ሲ1 ወይም ሲ2ን ይምረጡና «ዝቅተኛ ገደብ» የሚለውን 94 ያድርጉት። ከዚያ ማጣት የማይፈልጉት ደማቅ ነገር ላይ ዜብራው ብቅ እስኪል አድምቀው ሲሦ ስቶፕ ይመለሱ። ይህ የማይቀየር ቁጥር ነው፤ አይኤስኦ ቢቀያየርም፣ ከመሠረታዊው በታች እስካልወረደ ድረስ፣ 94 ያው 94 ነው። ፀሐይዋ ራሷ፣ የጧፍ ነበልባል፣ የመስቀሉ ላይ ብልጭታ ይቃጠሉ፤ ማንም ዝርዝር አይጠብቅባቸውም። ጨርቅ፣ ፊትና ደመና ግን አይቃጠሉ።

አይኤስኦውንም ልብ ይበሉ። የዚህ ካሜራ መሠረታዊ የኤስ-ሎግ3 አይኤስኦዎች 640 እና 12800 ናቸው። ቁጥሩ ከላይና ከታች መስመር ተሰምሮበት ከታየ የተለጠጠ አይኤስኦ ነው፤ ከ640 በታች ያለውን ሲመርጡ ምስሉ የጠራ ይመስላል፣ የላይኛው ክፍል ግን ቀድሞ ይቃጠላል። ብርሃን ሲበዛ ኤንዲ ያክሉ እንጂ አይኤስኦ አይቀንሱ። ምሽት ላይ ደግሞ 8000 ወይም 10000 ላይ ከመቆም 12800 ላይ መድረስ ይሻላል፤ ሁለተኛው መሠረት ላይ ሲገቡ ጥቁሩ ይጠራል።

ጥያቄ፦ የቡና ሥነ ሥርዓት ሳሎን ውስጥ እቀርጻለሁ። ከጀርባ መስኮት አለ። የምታፈላዋን ሴት ሳሳይ መስኮቱ ይነጣል፤ መስኮቱን ሳሳይ እሷ አትታይም። ኤልኢዲ መብራት አንድ አለኝ።
*ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ አንድ መብራት ከቦታው ምርጫ ጋር ይበቃዎታል። መጀመሪያ ረከቦቱን ከመስኮቱ ፊት አንስተው ወደ ጎን ይውሰዱት፤ መስኮቱ ከፍሬሙ ውጭ ሆኖ ከጎኗ ብርሃን ይስጥ። በሌላው ጎኗ፣ ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ ነጭ አቡጀዲ በወንበር ላይ ዘርግተው ያቁሙ። ከመስኮቱ የመጣው ብርሃን ተመልሶ ጥላውን በ1 ስቶፕ ገደማ ያነሳዋል። ለብዙ ሰው ቤት ይህ ብቻውን ይበቃል፤ ከዕጣኑ ጭስ ጋርም ያምራል።

መስኮቱ የግድ መታየት ካለበት ሥራው ሁለት ነው፤ የውጪውን መቀነስና የውስጡን መጨመር። ቀን ላይ ፀሐያማ ውጪ ከሳሎን በ5 እና 6 ስቶፕ ሊበልጥ ይችላል። ስስ ነጭ መጋረጃ ወይም አንድ ድርብ አቡጀዲ መስኮቱ ላይ ሲዘረጋ ውጪው ቢደበዝዝም ልዩነቱ በግልጽ ይጠባል። የሚመረጠው ሰዓት ደግሞ ፀሐይ ከዚያ ግድግዳ ስትዞር ነው።

መብራቱን 5600 ኬልቪን ላይ ያድርጉት፤ 3200 ላይ ከተዉት ፊቷ ብርቱካናማ፣ መስኮቱ ሰማያዊ ይሆናል። ርቀቱ ኃይል ነው፦ ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ሲያቀርቡት 4 እጥፍ፣ ማለትም 2 ስቶፕ ያገኛሉ። ብዙዎች መብራቱ ደካማ መስሏቸው ሌላ ይገዛሉ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው መቅረቡ ነው። ፍሬሙ እስኪነካ ድረስ ያስጠጉትና ፊቱን በአቡጀዲው ይጋርዱት፤ ጨርቁን ግን ከሚሞቀው አካል ጋር አያነካኩ። ካሜራው 1/50 ላይ ይሁን፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሌላ ሻተር ላይ የክፍሉ አምፖል መንቀጥቀጥ ሊያሳይ ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ፊቷን በሌላ መንገድ ማድመቅ ካልቻሉ ጥላውን ኤዲቲንግ ላይ አነሳዋለሁ ብለው አይተማመኑ። ጥላው ከ2 ስቶፕ በላይ ሲነሳ ኖይዙ አብሮ ይነሳል፤ በተለይ ሰማያዊው ቻናል ላይ፣ ያውም በቢጫ አምፖል ብርሃን የተቀረጸ ከሆነ።

ጥያቄ፦ ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው። ሎግ የለውም። ተስፋ አለው?
*ተማሪ፣ ከጅማ*

መልስ፦ አለው። ፒክቸር ስታይሉን ኒውትራል ያድርጉት፤ ኮንትራስት እስከ መጨረሻው ዝቅ፣ ሳቹሬሽን 2 ነጥብ ዝቅ፣ ሻርፕነስ 0። ከዚህ የበለጠ ማደብዘዝ 8 ቢቱን ያባክነዋል። «ሃይላይት ቶን ፕራዮሪቲ» የሚለውን ያብሩ፤ ዝቅተኛው አይኤስኦ 200 ይሆናል፣ ለደማቁ ክፍል 1 ስቶፕ ያህል ትርፍ ይሰጥዎታል፤ በምላሹ ጥላው ላይ ትንሽ ኖይዝ ይጨምራል። ነጭ ልብስ በበዛበት ቦታ ያብሩት፤ ማታ ያጥፉት። «ኦቶ ላይቲንግ ኦፕቲማይዘር» በቪዲዮ መሃል ጥላውን በራሱ ስለሚያነሳ ይጥፋ።

በካኖን ቀራጮች ዘንድ 160፣ 320፣ 640 ተመራጭ አይኤስኦዎች ናቸው ይባላል፤ ኖይዛቸው ማነሱ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙባቸው የካኖን ካሜራዎች የሚሠሩት 200ን፣ 400ን ወይም 800ን ቀርጸው በዲጂታል ዝቅ በማድረግ ስለሆነ ከላይ ሲሦ ስቶፕ ይጎድላል። እንዲህ ባለ ካሜራ ፀሐይ ላይ ነጭ ሲቀርጹ አይምረጧቸው። የእርስዎ ካሜራ ዜብራ ስለሌለው ቀረጻ ከመጀመርዎ በፊት ሂስቶግራሙን (ጨለማውን በግራ፣ ደማቁን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ) አምጥተው የቀኝ ግድግዳ ላይ የተከመረ ነገር እንዳይኖር ይመልከቱ። ፀሐይ ላይ በስክሪኑ ድምቀት አይፍረዱ፤ ዓይን ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ካሜራው ላይ ያልተቃጠለ የመሰለኝ ነጠላ ኤዲቲንግ ውስጥ ተቃጥሎ አገኘሁት። ላት ጫንኩበት፤ ከዚያ ሃይላይቱን ስቀንስ ግራጫ ይሆናል እንጂ ጥለቱ አይመለስም። ጠፍቷል ማለት ነው?
*የኤዲቲንግ ባለሙያ፣ ከመቀሌ*

መልስ፦ ምናልባት አልጠፋም፤ ቅደም ተከተሉ ነው ያበላሸው። ላት፣ ማለትም የሎግን ምስል ወደ መደበኛ ቀለም የሚቀይረው ዝግጁ ሠንጠረዥ፣ የተወሰነ ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ የወጣው ሁሉ ወደ አንድ ነጭ ይጨፈለቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ማስተካከያ የተጨፈለቀውን ነጭ ግራጫ ከማድረግ አያልፍም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ላቱን የመጨረሻው ኖድ (የማስተካከያ ደረጃ) ላይ ያድርጉት፤ ከእሱ በፊት ባለው ኖድ ድምቀቱን ዝቅ ያድርጉ። ላት በመተው «ከለር ስፔስ ትራንስፎርም» መጠቀም ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ መግቢያው ኤስ-ጋመት3 ሲኔ እና ኤስ-ሎግ3፣ መውጫው ሬክ 709 እና ጋማ 2.4። ቶን ማፒንጉ በርቶ ሲሆን ደማቁን በለስላሳ ያጥፈዋል። ይህ በነፃው ሪዞልቭም አለ፤ ኖይዝ መቀነሻው ግን በሚከፈልበት ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ ነው።

ቀረጻው ሎግ ካልሆነና በሲኔ4 ወይም ተመሳሳይ ጋማ ከተወሰደ፣ ከ100 እስከ 109 በመቶ ያለው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ስክሪኑ ላይ ላይታይ ይችላል። ፕሪሚየር ላይ የሉሜትሪ ስኮፑን (የድምቀት ግራፉን) ይክፈቱ፤ «ክላምፕ ሲግናል» ምልክት ከተደረገበት ያንሱት። ከ100 በላይ የወጣ ቅርጽ ካዩ ጥለቱ አለ፤ ኤክስፖዠሩን ዝቅ ሲያደርጉ ይመለሳል። ስኮፑ ላይ የላይኛው ጫፍ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ግን አይድከሙ፤ የተቀረጸ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የልጆቼን ምረቃ በአይፎን 13 ቀረጽኩ። ስልኩ ላይ ያምራል፤ ለዘመድ ስልክለት ነጭ ነጭ ይላል። ውጪም ሲቀርጽ ምስሉ በራሱ ይደምቃል ይጨልማል።
*እናት፣ ከሜሪላንድ*

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። የመጀመሪያው ችግር ኤችዲአር፣ ማለትም ሰፊ የብርሃን ክልል የሚይዘው የቪዲዮ ዓይነት፣ ነው፤ ተቀባዩ ስልክ ካልደገፈው ቀለሙ ይበላሻል። ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ሪኮርድ ቪዲዮ ውስጥ ገብተው «ኤችዲአር ቪዲዮ»ን ያጥፉት። ለሁለተኛው፣ ከመቅረጽዎ በፊት ፊቱን በጣትዎ ተጭነው ይያዙ፤ መቆለፉን የሚያሳይ ቢጫ ጽሑፍ ሲመጣ ይልቀቁ፣ ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ነጭ ካባና ነጠላ እስኪለይ ድረስ በጥቂቱ ወደ ታች ይጎትቱ። እርስዎ ያሉበት አገር መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ አዳራሽ ውስጥ በ30 ፍሬም ይቅረጹ።

ጥያቄ፦ ርካሽ ተለዋዋጭ ኤንዲ ገዝቼ ጥምቀት ላይ ልጠቀም ነው። ምን ልጠንቀቅ?
*ከጎንደር*

መልስ፦ እስከ መጨረሻው አያዙሩት፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ በሰፊ ሌንስ ምስሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ ይወጣል። በጣም ጠቆር ሲል ኢንፍራሬድ ስለሚያሳልፍ ጥቁር ቀሚስ ወደ ቀይ ቡናማ ሊያደላ ይችላል፤ 6 ስቶፕና ከዚያ በላይ ከፈለጉ ኢንፍራሬድ የሚያግድ ቋሚ ኤንዲ ይሻላል። የሚሠራው በሁለት ፖላራይዘር ስለሆነ ካሜራውን ሲያዞሩ የሰማዩ ድምቀት ይለዋወጣል፤ የውኃውም ነጸብራቅ እንዲሁ። ታቦቱ ሲያልፍ ጃንጥላዎቹን እየተከተሉ የሚዞሩበት ቀረጻ ካለ ለእሱ ቋሚውን ይግጠሙ። ነጩን ሚዛን ፊልተሩ ከገባ በኋላ ይለኩ፤ ርካሾቹ ወደ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ስለሚያደሉ ከመግባቱ በፊት የተለካው አይሠራም። ጠዋት ላይ የአቧራውንም ነገር አይርሱ፤ ፊልተሩ ላይ ያረፈ አቧራ ፀሐይ ሲመታው ጥቁሩን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል፤ ለስላሳ ጨርቅ ኪስዎ ውስጥ ይኑር።